ዘይቱና የቆመችበት ቀን

ይህን ነገር ሙሉውን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። በጾም መብላቴን፣ በወጣትነቴ መጠጥ ማብዛቴን፣ በአባታችን ቤት የተነሳ ከወንድሜ ጋር ለዓመታት መኳረፌን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። ይህን ግን አፌ ላይ ካደረስኩት በኋላ መልሼ እውጠዋለሁ። ለምን? ይቆጡኛል ብዬ አይደለም። የፈራሁት ሌላ ነው፤ «ልጄ፣ የታዘዝከውን ሥራ ነው የሠራኸው» ብለው በቀላሉ እንዳያሰናብቱኝ ነው። እኔ ደግሞ የታዘዝኩትን እንዳልሠራሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ፣ ልንገራችሁ። እባካችሁ ልታዝኑልኝ አትቸኩሉ።

በደርግ ጊዜ ነው። ገበሬው ከየጋራው ወርዶ በሰልፍ በተሠሩ ጎጆዎች የሰፈረበት፣ መንደር ምሥረታ የሚባለው ዘመን። እኔ ጎባ ውስጥ ጤና ረዳት ነበርኩ። ተወልጄ ያደግኩትም እዚያው ነው። ኦሮምኛ የተማርኩት ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ስራገጥ ነው፤ የገጠሩን ሰው ወግ፣ አነጋገሩን፣ እንግዳ አቀባበሉን ከቤቴ ወግ እኩል አውቀዋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ «አላወቅኩም ነበር» ማለት እንዳይመቸኝ ነው።

በዚያን ጊዜ አንድ የእርዳታ ድርጅት ራቅ ባለ ከተማ የልጆች ማዕከል ከፍቶ ነበር። እግራቸው የማይሸከማቸው ልጆች እዚያ ይወሰዳሉ፤ ለእግራቸው የብረት ድጋፍ ይሠራላቸዋል፣ ክራንች ይሰጣቸዋል፣ እዚያው እያደሩ ፊደል ይቆጥራሉ። ለእኛ አካባቢ የተሰጠው ቦታ ጥቂት ነበር። ማን እንደሚገባው ለይተን እንድናቀርብ ታዘዝን። መለኪያው ቀላል ነበር፦ ልጁ ራሱን ችሎ መቆም ይችላል? መራመድስ? የማይችለው ይሄዳል፣ የሚችለው ይቀራል። በየመንደሩ እየዞርኩ የማየው እኔ ነበርኩ። አለቃዬ ጎባ ቢሮው ተቀምጦ እኔ ያልኩትን ያጸድቃል።

ሥራውን ስጀምር ልቤ ለስላሳ ነበር። ሁሉም ያሳዝነኝ ነበር። ታዲያ ወደ ሲናና አቅጣጫ አንድ አባት ልጁን በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ እንዲቀበለኝ አደረገው። እኔም እንባዬን እየጠረግኩ ልጁ ይገባዋል አልኩ። አለቃዬ አንድ ቀን በዚያ ሲያልፍ ልጁን ለማየት ጎራ አለና ከኋላው ድንገት «ውሻ መጣብህ!» ብሎ ጮኸ። ልጁ ብድግ ብሎ አጥር ዘለለ። ከዚያ በኋላ ጎባ መግቢያ መውጫ አጣሁ። «ልምሻን በዓይኑ የሚፈውስ ጤና ረዳት» አሉኝ። ሻይ ቤት ስገባ አንዱ ጉልበቱን ይዞ «ጓድ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ተመልከተኝና አጥር ልዝለል» ይላል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ውስጤ ግን አርሮ ነበር። አለቃዬ በስብሰባ ላይ «ርኅራኄ ጥሩ ነው፤ ግን ጓዳችን የሕዝብ ንብረት ይዞ ነው የሚራራው» ሲል አንገቴን ደፋሁ። ከእንግዲህ ማንም አያታልለኝም አልኩ። ያቺን ቀን ነው ክፉ ሰው የሆንኩት። ቂም የያዝኩት አለቃዬ ላይ ሳይሆን፣ ገና ያላየኋቸው ልጆች ላይ ነበር።

ከዚያ አንድ ዘዴ ዘየድኩ። ዛሬም ሳስበው የሚያንገበግበኝ ዘዴዬ ነው። መምጣቴን ለማንም ሳልናገር በድንገት ቤት እገባለሁ። የመጣሁበትን ሳልገልጽ ሰላምታ እሰጣለሁ። እንደምታውቁት በእኛ አገር፣ ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ ታላቅ ሰው ሲገባ ልጅ ተቀምጦ አይቀበልም። ብድግ ይላል፣ እጅ ይስማል። ታመምኩ ብሎ እንዲዋሽ የተነገረው ልጅ እንኳ ሰላምታ ሲሰጠው ውሸቱን ይረሳና ይነሳል። እኔም ተነስቶ ያየሁትን «ይቆማል» እላለሁ፤ ሌላ ምርመራ የለም። አጭበርባሪዎችን ያዝኩበት። አለቃዬ ሲሰማ ጀርባዬን መታ መታ አደረገና «አሁን ገና ነቃህ!» አለኝ። ሰላምታዬን ወጥመድ አድርጌ ከመንደር መንደር መዞሬን ማንም እንደ ነውር አላየብኝም። እኔም አላየሁትም።

በክረምት መግቢያ ላይ ነው ወደ ገሰራ የወረድኩት። ጭጋጉ ከፈረሱ ጆሮ ወዲያ አያሳይም፤ ጭቃው ኮቴ ይይዛል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አብሮኝ ነበር። ከአዲሱ መንደር ጫፍ ወዳለች ጎጆ ወሰደኝና አባወራው ሚሊሻ ሆኖ ዘምቶ እንዳልተመለሰ፣ ሚስቱ ልጆቿን ብቻዋን እንደምታሳድግ በመንገድ ላይ ነገረኝ። መንደሩ በሙሉ ሀዳ ዘይቱና ነው የሚላት፤ የዘይቱና እናት ማለት ነው። ዘይቱና የበኩር ልጇ ናት።

ጎንበስ ብዬ ገባሁ። «አሰላሙ አለይኩም» አልኩ። ክርስቲያን መሆኔን እያወቀች ደስ አላት፤ ፊቷ በራ።

«ወአለይኩም ሰላም! ሐኪማ፣ እንኳን ደህና መጡ። ይግቡ፣ ይግቡ፤ ዝናብ መታዎት» አለችና ወደ ጥግ ዞራ «ዘይቱና፣ ከኢ! ተነሽ እንጂ፣ እንግዳ መጣ» አለቻት።

ጥጉ ላይ ቁርበት ላይ የተቀመጠች ልጅ ነበረች። ፊቷ ክብ፣ ሻሽዋ በሥርዓት የታሰረ። በሁለት እጇ የቤቱን ምሰሶ ያዘች። ክንዶቿ ሲንቀጠቀጡ አየሁ። እየተጎተተች ተነሳች። ቀሚሷ ሲነሳ ግራ እግሯን አየሁ፤ ከጉልበቷ በታች አጥንቱን ብቻ የያዘ፣ ወደ ጎን የተንጠለጠለ፣ መሬት ላይ ጣቱ ብቻ የሚነካ እግር። ጤና ረዳት ነበርኩ። የልጅነት ልምሻ ምን እንደሚመስል ማንም ሊያስተምረኝ አያስፈልግም ነበር። አንድ እጇን ከምሰሶው አላቀቀች፣ እጄን ያዘችና ሳመች። ግንባሯ ላቦት አውጥቶ ነበር። ከዚያ ቀና ብላ ፈገግ አለችልኝ። እናቷ ከኋላዬ ሆና ልጄ አላሳፈረችኝም ብላ ትመለከታት ነበር።

ወገኖቼ፣ ያኔ ምን አሰብኩ? ልዋሽ አልችልም፤ አውቃለሁ። ከዚህ መንደር ቀደም ብዬ ሌላ ልጅ አሳልፌያለሁ። ሁለተኛ ካሳለፍኩ አለቃዬ «ገሰራ ላይ ደግሞ ልብህ ለሰለሰ?» ይለኛል አልኩ። ተነስታለች፤ ሕጌ ሕግ ነው አልኩ። ምሰሶውን እንዳላየሁ ሆንኩ። አንድ ጊዜ «እስቲ ወደኔ ነይ፣ ተራመጂ» ማለት ይበቃኝ ነበር። አላልኩም። ብል ኖሮ እንደምትወድቅ ስለማውቅ ነው ያላልኩት።

«ልጅቷ እንዴት ናት? ደህና ናት?» ብዬ እናቷን ጠየቅኩ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት» አለችኝ።

ይህንንም አውቀዋለሁ። የባሌ ሴት ልጇ አልጋ ላይ ተኝቶ እንኳ እንዴት ነው ሲሏት መጀመሪያ ፈጣሪዋን ታመሰግናለች፤ ችግሯን የምትናገረው እንግዳው ተቀምጦ፣ ቀምሶ፣ ሁለተኛ ሲጠይቃት ነው። እኔ ሁለተኛ አልጠየቅኳትም። የረጋ ወተት በጮጮ አምጥታ ሰጠችኝ፤ ጠጣሁ። እየጣፈጠኝ ጠጣሁ። ልወጣ ስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሐኪማ፣ ልጆች የሚወስድ መኪና አለ ይላሉ፣ እውነት ነው?» አለችኝ። «እናያለን» አልኳት። ከደጁ ጥቂት እንደራቅን ከውስጥ የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ዞር ስል እናቲቱ ዘይቱናን ከመሬት ስታነሳት በበሩ በኩል አየሁ። ሊቀመንበሩም አየ። አንገቱን ነቅንቆ ዝም አለ፤ እኔን ፈርቶ ይመስለኛል። እኔም «ዝናቡ ሳይጠና እንሂድ» አልኩት።

ጎባ ተመልሼ ለአለቃዬ ገሰራ ላይ አንዷን እንደጣልኩ ነገርኩት። «ቆማ እጄን ሳመችኝ» አልኩ እየሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ስቄያለሁ፤ ይህንን ጻፉልኝ። ከሁሉ የሚከብደኝ መሳቄ ነው።

መኪናው መጥቶ የመጀመሪያዎቹን ልጆች ወሰደ። ለቀሩት ደግሞ ተመልሶ ሊመጣ ቀጠሮ ነበረው። በመሐል የአንዱ ልጅ አባት «ልጄን ከዓይኔ አላርቅም» ብሎ እምቢ አለ፤ አንድ ቦታ ክፍት ሆነ። ክፍት መሆኑን አለቃዬ ነግሮኝ «የሚገባው ካለ ፈልግ» ብሎኛል። ይህ ነው ለማንም ያልነገርኩት።

በዚያው ሰሞን በገበያ ቀን ሀዳ ዘይቱና ቢሮአችን መጣች። ዘይቱናን ፈረስ ላይ ከፊቷ አስቀምጣ ከገሰራ ድረስ ነው የመጣችው። ልጅቷን በጀርባዋ አዝላ ገባች። የአለቃዬ በር ክፍት ነበር፤ ጓደኞቼም ጠረጴዛዎቻቸው ጋ ተቀምጠው ጆሯቸውን አቁመዋል። ሴትዮዋ ልጇን ወንበር ላይ አስቀመጠችና በትሕትና ቆመች።

«ሐኪማ፣ የጎረቤቴ ልጅ ሄደች አሉኝ። የኔዋ ለምን ቀረች? እግሯን አይተዋል እኮ። ከዕለት ወደ ዕለት ክብደቷ እየጨመረ ነው፤ ነገ ማን ያዝላታል? እኔ ስሞት ማን ያዝላታል?»

ምን ማለት ነበረብኝ? «ተሳስቻለሁ፣ አንድ ቦታ አለ፣ ትሄዳለች» ማለት ብቻ ነበረብኝ። እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ክፍሉ በሙሉ እየሰማኝ ነው። ለስላሳው ሰውዬ ተመለሰ እንዳይሉኝ ፈራሁ። በእናት ልመና ልቡ ቀለጠ እንዳይሉኝ ፈራሁ። ፍርሃቴን ደግሞ በቁጣ ሸፈንኩት።

«ልጅቷ ፊቴ ቆማለች» አልኳት። «ማን ቁሚ አላት? አንቺ አይደለሽ ያስነሳሻት? እንደ ተቀመጠች ብትተያት ኖሮ ይሄኔ ሄዳ ነበር!»

ልጇን አየች፣ መሬቱን አየች፣ ደግሞ ልጇን አየች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነችና «እውነትዎን ነው» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሥርዓት ያላት ልጅ ትምሰል ብዬ እኔ ነኝ ያስነሳኋት። አላህ ይስጥዎት ሐኪማ፣ ነገሩኝ።» አመሰገነችኝ። ልጇን አዘለች፣ ወጣች። ዘይቱና በእናቷ ትከሻ ላይ ሆና ወደ ኋላ ታየኝ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። ኦሮምኛ ነበር የምንነጋገረው።

ክፍቱ ቦታ ለሌላ ወረዳ ልጅ ተሰጠ። ያ ልጅም የተገባው ነበር፤ ስለዚህ ማንም በደለኝ ብሎ አልከሰሰኝም። እኔ ግን የበደልኩትን አውቃለሁ። አንዲት ልጅ ቦታዋን አሳጣሁ፤ ይህ አንድ ነው። የከፋው ደግሞ ጥፋቴን አንስቼ እናቷ ጫንቃ ላይ መጫኔ ነው። ልጇን ማዘሏ አንሶ የኔን ኃጢአት ጨምሬ አሸከምኳት፤ እሷም ምስጋና ሰጥታኝ ተሸክማው ሄደች።

መንግሥት ተለወጠ። እኔም ሥራ ለቅቄ ሮቤ ገባሁ፣ ትንሽ መድኃኒት ቤት ከፈትኩ፣ ልጆች ወለድኩ፣ አረጀሁ። አንድ ቀን ከገሰራ የመጣ ደንበኛዬ ልብሱን ማን እንዳሳመረለት ስጠይቀው «ዘይቱና ናት፤ እግሯ አይሠራም እንጂ እጇ ወርቅ ነው» አለኝ። ያን ቀን ሥራ መሥራት አልቻልኩም። ውዬ አድሬ፣ ሰበብ እየፈጠርኩ ስዘገይ ቆይቼ፣ በመጨረሻ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ።

ገበያው ዳር ካለች ሱቅ ውስጥ አገኘኋት። በእጅ የሚዞር የስፌት መኪና ፊቷ አለ። ጠና ያለች፣ ወፍራም ድምፅ ያላት፣ ከደንበኛ ጋር የምትቀልድ ሴት ሆናለች። ስትንቀሳቀስ በእጆቿ መሬቱን እየገፋች ነው። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ለጊዜው አላስታወሰችኝም፤ ከዚያ እጇ መኪናው ላይ ቆመ።

«መርምሬሽ ነበር» አልኳት። «እግርሽን አይቻለሁ። እያየሁ ነው የጣልኩሽ። አፉ በይኝ ልጄ፣ ይቅር በይኝ። እናትሽንም አፉ ልላት መጥቻለሁ።»

«እማ ሞታለች» አለችኝ። «እማ እስክትሞት ድረስ ራሷን ነው ስትረግም የኖረችው፣ አባባ። ታናናሾቼ እንግዳ ሲገባ ሲነሱ ትቆጣቸው ነበር። ጎረቤት ሁሉ የሀዳ ዘይቱና ልጆች ባለጌ ናቸው ይለን ነበር። ለምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።»

ከዚያ ዓይኔን ትኩር ብላ እያየች ጠየቀችኝ።

«አንድ ነገር ይንገሩኝ። ጎባ የመጣን ቀን፣ ቦታ ነበር? ወይስ መኪናው ሞልቶ ነበር?»

ይህን ጥያቄ ስሸሽ ነው የኖርኩት፤ ከአፏ እስኪወጣ ድረስ ግን እንደምሸሸው አላውቅም ነበር። አፌን ከፈትኩ። «ሞልቶ ነበር ልጄ» አልኳት። «አንድም ቦታ አልነበረም።»

ፊቷን በሻሽዋ ሸፈነች። አለቀሰች፤ ስታለቅስ ትከሻዋ ሲቀል ይታየኝ ነበር። «ያረቢ! እንግዲያው የእማ ጥፋት አልነበረም። ብነሳም ባልነሳም ያው ነበር። ምነው ይህን ሰምታ በሞተች!» አለች። ዓይኗን ጠርጋ እጄን ያዘችና «አፉ ብያለሁ፣ አባባ። በልብዎ አይያዙት» አለችኝ። ሻይ አስመጣችልኝ። ጠጣሁ።

ሮቤ እስክደርስ ድረስ ደግ ሥራ እንደሠራሁ ለራሴ ስነግረው ነበር። አጽናናኋት አልኩ። የእናቷን ስም አነጻሁላት አልኩ። ውሸት አንዳንዴ ከእውነት ይሻላል አልኩ። የሚገርመው፣ አሁንም ሳልጠነቀቅ ሳስበው ደግ ይመስለኛል። ግን እናቷን ነጻ ለማውጣት እውነቱ አይበቃም ነበር? «ቦታ ነበር፤ እናትሽ አላጠፋችም፤ እያወቅኩ ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ» ብላት እናቷ ነጻ አትወጣም ነበር? ትወጣ ነበር። ተጠያቂ ሆኜ የምቀረው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ደግሞ እናቷንም እኔንም አብሮ ነጻ የሚያወጣውን መረጥኩ። በስተርጅናዬም፣ ማንም በማይሰማበት፣ የሚስቅብኝ አለቃና ጓደኛ በሌለበት፣ ያንኑ አደረግኩ። ለካ ሰው ፈርቼ አልነበረም።

ስለዚህ በእሷ ፈንታ ይቅር በሉኝ ብዬ አልጠይቃችሁም፤ የእናንተ አይደለም። ዘይቱና አፉ ብላለች። ግን አፉ ያለችው ሌላ ሰው ነው፤ መኪናው ሞልቶበት ምንም ማድረግ ያልቻለ ሰው። እኔ ያ ሰው አይደለሁም።